ፈረሰኛውና ባለቀለም መስኮቱ

የሰሜን ሸዋ ደጋ ካፈራቸው የጥበብ ሰዎች መካከል በቅርጻ ቅርጽም ሆነ በሥዕል የጦርነትንና የነፃነትን ትዝታ ለአደባባይ ያበቁት አርቲስት አፈወርቅ ተክሌ ናቸው። ጥቅምት 12 ቀን 1925 ዓ.ም. በአንኮበር ተወለዱ። ገና በሕፃንነታቸው ፋሽስት ኢጣሊያ አገሪቱን ወረረ፤ የመንዝና የመርሐቤቴ ገደላገደልም እስከ 1933 ዓ.ም. የአርበኞች ምሽግ ሆነ። ከነፃነት በኋላ የማዕድን ምሕንድስና እንዲማሩ ወደ እንግሊዝ አገር ቢላኩም የጥበብ ዝንባሌያቸው አይሎ በለንደኑ የስሌድ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ሥልጠናቸውን ቀጠሉ። በ1946 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የመጀመሪያውን የግል ዐውደ ርእይ አቀረቡ።

የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ አንድ ነው፦ የተጋድሎን ታሪክ ለአደባባይ የሚቀርጽ ጥበበኛ ሕዝቡን የት ያቆመዋል?

መልሱን ከሁለት ሥራዎቻቸው እንፈልግ። አንደኛው በሐረር ከተማ ቆሞ የነበረው የራስ መኰንን ሐውልት ነው። ራስ መኰንን የአንኮበር አካባቢ ተወላጅ፣ በ1888 ዓ.ም. ከአምባላጌ እስከ መቀሌና ዐድዋ የዘመቱ የጦር አዝማች ነበሩ። ቀራፂው በፈረስ ላይ አስቀምጠዋቸዋል። ቅርጹ ከጥንታዊት ሮም ጀምሮ የአውሮጳ አደባባዮች ገዥዎቻቸውን ያከበሩበት ነው፤ ግርማ አለው፣ ነገር ግን ቦታ የሚሰጠው ለአንድ ሰው ብቻ ነው። እግረኛው ወታደር፣ አጋሰስ ነጂው፣ ስንቅ አዘጋጅታ የዘመተችው ሴት በዚያ የሉም። ሐረርም ሌላ ትዝታ አላት፤ በ1879 ዓ.ም. ከጨለንቆ ጦርነት በኋላ ከተማይቱ በምኒልክ ሠራዊት ስትያዝ ገዥ ሆነው የተሾሙት እኒሁ ፈረሰኛ ናቸው። አንዱ የዐድዋን ጀግና ሲያይ ሌላው ያየው ድል አድራጊውን ገዥ ነበር። ሐውልቱ በሰኔ 2012 ዓ.ም. በሁከት ፈረሰ። መፍረሱ ግን ክርክሩን አልፈታውም፤ ልንመረምረው የሚገባንን ሥራ ብቻ አሳጣን።

ሁለተኛው ሥራ በአዲስ አበባ በአፍሪካ አዳራሽ የሚገኘው፣ በ1953 ዓ.ም. የተጠናቀቀው ባለቀለም የመስታወት ሥራ ነው። በ150 ካሬ ሜትር ላይ በተዘረጉት ሦስት መስኮቶች የአህጉሪቱ ያለፈ ሥቃይ፣ ትግልዋና ተስፋዋ ተከታትለው ይታያሉ። ችቦ ይዞ ወደፊት የሚራመደው ቤተሰብ ነው፤ የድሉ ባለቤት ብዙኃኑ መሆናቸውን ይዘቱ ያስረዳል። እርግጥ ነው፣ ሰዎቹ ሁሉ በአንድ ዓይነት ግርማ መቆማቸው የየግል ኑሯቸውን ይሸፍነዋል፤ ላብና ድካም አይታይባቸውም። ይህ የሥራው ድክመት ነው። ቢሆንም ተመልካቹ ራሱን የሚያገኝበት ቦታ አለ፤ በፈረሰኛው ሐውልት ግን ቀና ብሎ ከማየት በቀር ድርሻ አልነበረውም።

አርቲስት አፈወርቅ ሚያዝያ 2 ቀን 2004 ዓ.ም. አርፈዋል። ከሁለቱ ሥራዎቻቸው የምንቀስመው ትምህርት ግልጽ ነው። ነገ በመንዝ፣ በግሼ ወይም በመርሐቤቴ ለአርበኞች መታሰቢያ የሚያቆም ቀራፂ መሮውን ከማንሣቱ በፊት አዝማቹን ብቻ ሳይሆን፣ በሌሊት እህል ተሸክማ ገደል የወረደችውንም ሴት ያስብ። ሕዝብ ራሱን የሚያይበትን ሐውልት ለመጠበቅ ዘበኛ ብዙ አያሻም።