57 ሚሊ ሜትር

ከቴፒ ስንነሳ ከጋቢናው ጀርባ ባዶ ጀሪካኖች ቀድመው ስለተጫኑ አምስቱ ኬሻ ቡና ካሶኒው ጫፍ ላይ፣ ከኋላ ጎማ ወዲያ አረፈ። ሸኮን አልፈን ጠመዝማዛው ሲጀምር መሪው እጄ ላይ ቀለለ። ስጠመዝዝ ፒካፗ ጥቂት ቀጥ ብላ ሄዳ ነው የታዘዘችልኝ። ክው አልኩ። ጭነቱ ከልክ አላለፈም፤ የተቀመጠበት ቦታ ግን ልክ አልነበረም።

ሂሳቡ እንዲህ ነው። ኬሻው 60 ኪሎ ቢሆን አምስቱ 300 ይሆናል። በፊትና በኋላ እግር መካከል 3 ሜትር ቢኖር፣ ጭነቱም ከኋላ እግር 60 ሳንቲ ሜትር ወዲያ ቢሆን፣ የኋላው 360 ኪሎ ይሸከማል፤ የፊቱ ደግሞ ከራሱ 60 ኪሎ ያጣል። መሪ የሚይዘው የፊት እግር መሬት ሲጫን ነው።

እ.ኤ.አ. የ1969ኙን ፖርሽ 911 ከምርጥ የምህንድስና ሥራዎች የምቆጥረውም ይህንኑ የክብደት ቦታ ችግር ስላቃለለ ነው። መኪናው በ1963 ፍራንክፈርት ላይ ሲታይ ሞተሩ እንደ ቮልስ ከኋላ እግር ወዲያ ተንጠልጥሎ ነበር። ቮልስን በክረምት የነዳ ሰው የዚህን ጥቅም ያውቃል፤ ሞተሩ የሚገፋውን ጎማ ስለሚጫነው ጭቃ ዳገት ላይ ይቆነጥጣል። በፍጥነት ኩርባ ገብቶ ድንገት እግሩን ከነዳጅ ላነሳ ሰው ግን ጉዱ ሌላ ነው፤ ክብደት ወደ ፊት ይሸሽና የኋላው ተወርውሮ ይዞራል።

ፋብሪካው መጀመሪያ ያደረገው በፊት ፓራውልት ሁለት ጫፍ 11፣ 11 ኪሎ የሚመዝን ክብደት መደበቅ ነበር። ይህን ልቀበለው አልችልም። ለፍጥነት የተሠራን መኪና ክብደት በመጨመር መፈወስ ሽንፈት ነው።

የ1969ኙ ሥራ ግን ያስደስተኛል። ሞተሩን ከቦታው ሳይነቅሉ የኋላ እግሩን ክንዶች አስረዝመው ጎማዎቹን 57 ሚሊ ሜትር ወደ ኋላ ገፏቸው። በእግሮቹ መካከል የነበረው 2211 ሚሊ ሜትር 2268 ሆነ፤ የሞተሩ መንጠልጠልም በዚያው ልክ አጠረ። አንዱን ትልቅ ባትሪ ትተው ሁለት ትንንሽ ባትሪዎችን ከፊት ጎማዎች ፊት፣ ግራና ቀኝ አስቀመጡ። የፊት እግር ድርሻ ከመቶ 41 ተኩል ገደማ ወደ 43 ከፍ አለ። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል፤ ሹፌር ግን ኩርባ ላይ ይሰማዋል። ባትሪ መኪናው የግድ የሚሸከመው ዕቃ ነው፤ ስለዚህ ቦታውን መቀየር እንደ ፓራውልቱ ብረት ትርፍ ሸክም አልጨመረም።

ጉድለቱን ግን አልሸሽግም። ሞተሩ ኋላ ጫፍ፣ ባትሪዎቹ ፊት ጫፍ ላይ ናቸው። ረጅም አጣና በትከሻው የተሸከመ ሰው ለመዞርም ቆም ለማለትም ይቸገራል፤ ይህም መኪና እንደዚያው ነው። ሚዛኑ ቢሻሻልም ክብደቱ ወደ መሃል አልተሰበሰበም። ሙሉ መፍትሔው ሞተሩን ከኋላ እግር ወዲህ ማምጣት ነበር፤ ያኔ ግን የኋላ መቀመጫው ይቀራል። ፋብሪካው መቀመጫውን መርጧል፤ ምርጫው ይገባኛል።

እኛም ያን ቀን ዳር ይዘን ቆምን። ረዳቱ ጀሪካኖቹን ወደ ኋላ ወረወረ፤ ቡናውን ጎትተን ከጋቢናው ጀርባ አስጠጋን። የመኪናዋ ጠቅላላ ኪሎ አልተነካም። ሚዛን ከተማ እስክንገባ ድረስ መሪው እጄ ላይ ከበድ ብሎ፣ ባልኩት ቦታ እየታጠፈ ሄደ።