«የታሸገ» ወይስ «እቅፍ»? ስለ አንድ የክትባት ስያሜ

በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ክትባት ለሚያስቀምጡ የጤና ሠራተኞች የተዘጋጀ አንድ የትርጉም ረቂቅ ለአስተያየት ደርሶኝ ነበር። አማርኛው የጠራ ነው። ይሁን እንጂ ተርጓሚው ሁለት የተለያዩ ነገሮችን «የታሸገ ፕሮቲን» በሚል አንድ ስያሜ መጥራቱ ከቃል አመራረጥ ጉድለት ያለፈ አደጋ አለው።

የመጀመሪያው፣ ግሌኒና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1926 ለዘጊ አናዳ ክትባት የተጠቀሙበት ዘዴ ነው። ኢትዮጵያ ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የምትሰጠው ባለ አምስት ክትባትም የአሉሚኒየም ጨው አለበት። ፕሮቲኑ በጨው ቅንጣቶች ገጽ ላይ ይለጠፋል እንጂ ውስጣቸው አይገባም። ክትባቱ ወደ በረዶነት ከተለወጠ ቅንጣቶቹ ይጓጉላሉ፤ ኃይሉም ይደክማል። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንዲቀመጥ የሚታዘዘው ሙቀትን ብቻ በመፍራት አይደለም።

ሁለተኛው በእንግሊዝ አገር በባዝ ዩኒቨርሲቲ የተሞከረው ነው። በዚህኛው ሲሊካ በፕሮቲኑ ዙሪያ ያድጋል። እ.ኤ.አ. በ2017 በወጣው ጥናት በዚህ መንገድ የተያዙ ፕሮቲኖች የ100 ዲግሪ ሙቀት ተቋቁመዋል፤ በ2020 በወጣው ደግሞ የመንጋጋ ቆልፍ ፕሮቲን ያለ ማቀዝቀዣ በተራ ፖስታ ተልኮ በአይጦች ላይ ሠርቷል። ይህ ግን የቤተ ሙከራ ውጤት ነው። ረቂቁን ያነበበ የሱሉልታ ሠራተኛ ብልቃጡ ከአይስ ፓክ ጋር ተነካክቶ ቢያድር፣ «የታሸገ ነው፤ ምንም አይሆንም» ቢል ማን ይፈርድበታል?

«አሸገ» አስቀድሞ የተሠራ መያዣን ይጠይቃል፤ ደብዳቤ በፖስታ፣ ውኃ በጠርሙስ ይታሸጋል። ብልቃጡም ራሱ የታሸገ ነው! ሲሊካው ግን ፕሮቲኑ ባለበት፣ እዚያው የሚፈጠር ነው። አንድ የሥራ ባልደረባዬ «ጥምድ» ይሻላል ይላል። ቃሉ ለገበሬው በሬን፣ ለከተሜው ወጥመድን ያስታውሳል፤ «ጠመደኝ» የሚል ቂምም አለበት። የበሬው ትርጉም ግን የሚናቅ አይደለም። በኢየሩሳሌም እ.ኤ.አ. በ1990 በሲሊካ መስታወት ውስጥ የተያዙ ኢንዛይሞች እንደ ተጠመደ በሬ ሥራቸውን ቀጥለዋልና። ክትባት ግን እስኪፈታ ድረስ የሚያርፍ እንጂ የሚያርስ አይደለም። ስለዚህ «እቅፍ» የሚለውን እመርጣለሁ። የአበባ እቅፍን ያስታውሳል የሚል ተቃውሞ ቢነሣ አይከብደኝም።

ተርጓሚው ሲሊካን «ግዑዝ ቁስ» ማለቱም አይረዳም፤ ፕሮቲኑስ መቼ ነፍስ አለው? «ኢኦርጋኒክ» ይበቃል።

ለአሉሚኒየሙ «ልጥፍ» የሚለው ቀርቦ የታወቀ ቃል ነው። ረቂቁ ከመታተሙ በፊት ይህ ቢታረም፣ «በረዶ የሠራ ልጥፍ ክትባት ይወገዳል» የሚለው መመሪያ ያለ ማብራሪያ ሊጻፍ ይችላል።