ሳይሠሩበት ያረጀ ፊደል

በማስታወቂያ ሰሌዳና በመጻሕፍት ሽፋን ላይ፣ ወፍራም፣ ጠርዙ የተሸራረፈ፣ ገላው ቀለም ያልጠገበ የሚመስል የላቲን ፊደል በዘመናችን በርክቶ ይታያል። ይህ ቅርጽ የተሠራው በኮምፒዩተር ነው፤ መልኩን የተዋሰው ግን ከአሜሪካ የእንጨት ፊደል ነው። ስለዚህ ዋጋውን ለመመዘን አስቀድሞ የምንጩን ጠባይ መመርመር ይገባል።

እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1827 ዳርየስ ዌልስ በኒውዮርክ የእንጨት ፊደልን በሚሽከረከር መቅረጫ መሥራት ጀመረ። በ1834 ዊልያም ሌቨንወርዝ ፓንቶግራፍ የተባለውን መሣሪያ ስለ ጨመረበት፣ ከአንድ አብነት ልዩ ልዩ መጠን ያለው ፊደል ማውጣት ተቻለ። ትልቅ የእርሳስ ፊደል ከባድና ውድ ነው፤ ሲቀዘቅዝም ፊቱ እኩል አይሆንም። ሜፕል የተባለው ጠንካራ እንጨት ግን ቀላልና ርካሽ በመሆኑ፣ የሰርከስና የቴአትር ማስታወቂያዎች በእርሱ ታተሙ። ይህ ፊደል ከእጅ ሲወድቅ ይሸረፋል፤ ብዙ ሲታተምበት ጠርዙ ይበላል፤ ከጎረቤቱ ዝቅ ሲል ቀለሙ በሙሉ ወረቀቱን አይነካም። እንግዲህ ጉዳቱ የሥራ መዝገብ ነው፤ የአንዱም ጠባሳ የሌላው አይደለም።

አስመሳዩ ቅርጽ የሚወድቀው በዚሁ ነጥብ ነው። አንድ ፊደል በአንድ ቃል ውስጥ ሁለት ጊዜ ሲገባ፣ በአንድ ስፍራ አንድ ዓይነት ጭረት ይዞ ይመለሳል። ብልሆቹ ሠሪዎች ለእያንዳንዱ ፊደል ልዩ ልዩ መልክ አዘጋጅተው በማፈራረቅ ይህን ነውር ይሸፍናሉ፤ ቢሆንም ጠባሳው ምክንያት አላገኘም። ኤሪክ ቫን ብሎክላንድ በ1991 ያወጣው «ትሪክሲ» ግን ከእውነተኛ የጽሕፈት መኪና የተቀዳ ነው። በጽሕፈት መኪና ለእያንዳንዱ ፊደል አንድ መዶሻ ብቻ ስላለ፣ የመዶሻው ጉድለት መደጋገሙ እውነት ነው። በእንጨት ፊደል ዘንድ ሐሰት የሆነው፣ በዚህ ምስክርነት ይሆናል።

ይህን ፈሊጥ ወደ ግዕዝ ፊደል ለማሻገር የሚያስብ ሁሉ ሌላም ነገር ልብ ይበል። ወፍራሙ የላቲን ፊደል ጠርዙ ቢበላም አብዛኛውን ጊዜ ንባቡ አይለወጥም። በእኛ ፊደል ግን ትርጕም የሚያድረው በትንሹ ምልክት ላይ ነው፤ ከ«ሸ» አናት ላይ ያለው ጭረት ቢፋቅ «ሸማ» «ሰማ» ይሆናል፤ «ጀመረ»ም «ደመረ» ተብሎ ይነበባል። ከ«ሉ» ጎን ያለው ቅጥያ ቢጠፋ «ለ» ይቀራል። ስለዚህ ሠሪው የእግሩንና የገላውን ውፍረት ቢያሻክር ይፈቀድለታል፤ አናቱንና ቅጥያውን ግን ሊነካ አይገባውም።

እርጅናን መምሰል በራሱ ነቀፋ የለበትም። ነቀፋው የሚመጣው፣ መልኩ ፊደሉ ከተሠራበት ነገርና ከአሠራሩ ሳይመነጭ፣ እንዲያው ለጌጥ ብቻ ሲበተን ነው። የሕዝብን የእጅ ሥራ የሚያጠና ሰው በዕቃ ላይ ያለውን ጭረት ሁሉ እንደ ቃል ያነበዋል፤ የተፈበረከ ጭረት ግን ለማንም የሚነግረው የለውም።