ለተረፈው ሰው ቃል የለንም

ድርሰቶቻችን አንድ ሞት ይወዳሉ፤ የመቅደላውን። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ እጄን አልሰጥም ብለው በገዛ እጃቸው አለፉ። ከዚያ ወዲህ የግርማቸው ተክለ ሐዋርያትና የጸጋዬ ገብረ መድኅን ተውኔቶች፣ የብርሃኑ ዘሪሁን «የቴዎድሮስ ዕንባ»፣ የአቤ ጉበኛ «አንድ ለናቱ» ንጉሡን እየደጋገሙ አንሥተዋቸዋል። ሥነ ጽሑፍ ባስተማርኩባቸው ዓመታትም የተማሪው ድርሰት የሚያልቀው እዚያችው አምባ ላይ ነበር።

ነገሩን ከዋግ ሆኖ ላየው ግን ታሪኩ እዚያ አያበቃም። ቴዎድሮስ ያስገደሏቸው የዋግሹም ገብረ መድኅን ልጅ ዋግሹም ጎበዜ፣ ከመቅደላ በኋላ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነገሡ። ሕይወት ይቀጥላል። እኛ ግን መጋረጃው በሞቱ ላይ እንዲወርድ እንፈልጋለን።

ቅሬታዬ ከዚህ ይነሣል። መጽሐፉ ጀግናውን ሰጠን፤ መንደሩ ደግሞ «ሰይጣን ያሳሳተውን»፣ ፍትሐት የተነፈገውን። ሁለቱም ሞተዋል። ተርፎ ሆስፒታል የተኛውስ? እሱን የሚጽፍለት የለም። ቃል ስለሌለንም የምናደርግለትን አናውቅም።

እስቲ ከጽጽቃ ገጠር ዘመድ ተሸክሞት ሰቆጣ፣ ተፈራ ኃይሉ መታሰቢያ ሆስፒታል የደረሰ አንድ ጎልማሳ እናስብ። ቁስሉ ይታከማል። ጠያቂው ፊት ለፊት «እንኳን እግዜር አተረፈህ» ይላል፤ በር ላይ ሲደርስ «ምን ጎደለበት?» ይላል። ቤተሰቡ «አደጋ ነው» እያለ ስሙን ይሸፍናል። ቁስሉ ሲደርቅ ወደ ቤቱ! እዚያ ያደረሰው ድባቴ ይሁን፣ የሚሰማው ድምፅ፣ አረቄው፣ ወይስ በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ዋግን ያመሳት ጦርነት፣ ማን ጠየቀው? በየትኛውስ ቋንቋ? የሆዱን በኽምጣና የሚያወራ ሰው በአማርኛ «ደህና ነኝ» ማለት አያቅተውም።

ነገሩ የጥቂቶች እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመው የቡታጅራ ጥናት ከ100 ጎልማሶች 3ቱ ያህል በዕድሜያቸው አንድ ጊዜ እንኳ ሞክረው እንደነበር አሳይቷል። አንዴ የሞከረ ሰው ደግሞ ከሌላው ይልቅ ዳግም ለአደጋ የቀረበ መሆኑን የዓለም ጤና ድርጅት ይናገራል። ስለዚህ ከሆስፒታል የሚወጣበት ቀን የታሪኩ መዝጊያ ሳይሆን አስጊው ምዕራፍ ነው።

ሁሉም የአእምሮ ሕመምተኛ ነው ማለቴ አይደለም። ዕዳም፣ ሐዘንም፣ የቤት ጠብም ሰውን እዚያ ያደርሳሉ። ሳይጠይቁ መለየት ግን አይቻልም። «ብጠይቀው ሐሳቡን አስገባበታለሁ» የሚለውም ፍርሃት መሠረት የለውም፤ በርጋታ የተጠየቀ ሰው ይተነፍሳል። አማኑኤል ለዐሥርታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ሆኖ ስለኖረ ጥያቄውን የአዲስ አበባ ሥራ አድርገነው ቆየን። የሠለጠነ ነርስ ግን አልጋው አጠገብ ሊጠይቀው ይችላል። ከመውጣቱ በፊት ቀጠሮ ማስያዝ፣ የሚጎዳውን ነገር ከቤት ማራቅ፣ ብቻውን የማይተወው ዘመድ ማዘጋጀትም ይቻላል። ጸበል የሚሄድም ይሂድ፤ መድኃኒቱን አይተው እንጂ።

ሕጋችን እንኳ ከአንደበታችን ይሻላል፤ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ የሚቀጣው ሌላውን ለዚህ የገፋፋውንና የረዳውን ነው፤ ሞክሮ የተረፈውን አይቀጣም። እሱን የሚቀጣው የጠያቂው ሹክሹክታ ነው። ደራሲዎቻችን ከመቅደላ ወርደው አንድ ጊዜ ሰቆጣ ያለውን አልጋ ቢጎበኙ ምን ነበረበት? እዚያ የተኛው ሰው ገና ነገ አለው።