በዜና መዋዕል ውስጥ የማይታየው ነጋዴ

ደብተራ ዘነብ የዐፄ ቴዎድሮስን ታሪክ የጻፉት ንጉሡ በዙፋን ላይ ሳሉ ነው። ኤኖ ሊትማን በ1902 እ.ኤ.አ. ፕሪንስተን ላይ ያሳተሙት ይህ መጽሐፍ፣ ካሣ በቋራ ሸፍተው ሳሉ በዝርፊያ ያገኙትን ገንዘብ ለድኃ ገበሬዎች የእርሻ መሣሪያ መግዣ ማደላቸውን ይተርካል። አንባቢ የገበሬውን ደስታ ያያል፤ ገንዘቡ የተወሰደበትን ነጋዴ ግን አያይም። የትረካው ጉድለት ከዚህ ይጀምራል።

የዚያ ዘመን ሲራራ ነጋዴ ባዶ እጁን የሚጓዝ መንገደኛ አልነበረም። ከባሶ ተነሥቶ በደሪጣና በይፋግ በኩል ወደ ጎንደር፣ ከዚያም ወደ ምጽዋ የሚወርደው ቅፍለት በነጋድራስ የሚመራና መሣሪያ የታጠቀ ነበር። ደብረ ታቦር የተቀመጡት የየጁ ራሶች ሹማምንት በየኬላው ይቀርጡታል፤ ሽፍታውም በበረሃ ይጠብቀዋል። በአውሮፓ ባሕር የጠላትን የንግድ መርከብ የሚማርክ ሰው ከተራ ወንበዴ የሚለየው ከመንግሥቱ በተቀበለው የፈቃድ ደብዳቤ ነበር፤ ይህም ልማድ በ1856 እ.ኤ.አ. በፓሪስ ስምምነት ተሻረ። ካሣ ግን በዘረፉ ጊዜ ፈቃድ አልነበራቸውም። ሹመቱ የመጣው ኋላ፣ ቋራን ተቀብለው የራስ ዓሊን ልጅ ተዋበችን ባገቡ ጊዜ ነው። እንግዲህ ሹመት ያለፈውን ዝርፊያ ያነጻልን? ዘነብ ይህን ጥያቄ አያነሡም።

ንጉሡ ግን በራሳቸው ቃል መልሰውታል። በ1847 ዓ.ም. ከነገሡ በኋላ ገበሬው ወደ እርሻው፣ ነጋዴው ወደ ንግዱ ይመለስ ብለው አዋጅ አስነገሩ። ከዐሥራ ሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1859 ዓ.ም.፣ ከደብረ ታቦር ተነሥተው ያንኑ የነጋዴ ከተማ ጎንደርን ዘረፉ፤ አቃጠሉም። የዘነብ ትረካ ግን ከዚህ በፊት ተቋርጧል። ስለዚህ መጽሐፋቸው የልግስናውን መጀመሪያ እንጂ የዝርፊያውን መጨረሻ አይዝም።

አለቃ ወልደ ማርያም ከመቅደላ በኋላ ስለ ጻፉ የጎንደርን መከራ ያውቃሉ፤ ፍርዳቸውም የመረረ ነው። ይሁን እንጂ እርሳቸውን ብቻ የሚያነብ ሰው ሕዝቡ አስቀድሞ ካሣን ስለምን እንደ ተከተለ ለመረዳት ይቸገራል።

የዘነብ ሥራ ቀድሞ በግእዝ ይጻፍ የነበረውን ዜና መዋዕል ወደ አማርኛ በማምጣቱ ታላቅ ዋጋ አለው፤ ቋንቋውም ጥርት ያለ ነው። ዳሩ ግን የቋንቋው ውበት ምስክርነቱን ሙሉ አያደርገውም። ተማሪው ሁለቱን መጻሕፍት ጎን ለጎን አኑሮ፣ ስጦታ በተነገረበት ስፍራ ሁሉ ከማን እንደ ተወሰደ ሊጠይቅ ይገባዋል። የደሪጣና የይፋግ ነጋዴ በታሪክ ውስጥ ስፍራውን የሚያገኘው በዚህ ጥያቄ ነው።