መዝጋቢውን ማሳደድ፦ ስለ ሰብአዊ መብት ተሟጋቾችና ስለ መንግሥት ጆሮ

የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ጉባኤ (ኢሰመጉ) በ1984 ዓ.ም. ከተመሠረተ ጀምሮ ያወጣቸውን መግለጫዎች በተከታታይ ያነበበ ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም። ጽሑፉ ደረቅ ነው። የተጎጂው ስም፣ ዕድሜ፣ ሥራ፣ የደረሰበት በደል፣ ቦታውና ቀኑ ይዘረዘራል፤ ቅጽል አይበዛበትም፤ ሙሾም የለበትም። በስደት የምንገኝ ብዙዎቻችን ጸሐፍት ይህን ድርቀት እንደ ድክመት ስንቆጥረው ኖረናል። በእኛ አስተያየት ግን የመግለጫዎቹ ኀይል ያለው በዚሁ ድርቀት ውስጥ ነው። «ሕዝብ ተበደለ» የሚለውን ዐረፍተ ነገር መንግሥት በሌላ ዐረፍተ ነገር ሊያስተባብለው ይችላል፤ ስሙ፣ ዕድሜውና ቀኑ የተጻፈለትን ሰው ግን መካድ የሚቻለው መዝገቡን በማጥፋት ወይም መዝጋቢውን በማሳደድ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ይህ ማሳደድ ባለፉት ሠላሳ ከሚበልጡ ዓመታት የተከተለውን መንገድ መመርመርና በዚያ መንገድ ላይ የእኛ ድርሻ ምን እንደሆነ መጠየቅ ነው።

በአገራችን ወንጀለኛን የመፈለግ የቆየ ሥርዐት ነበር፤ አፈርሳታ ወይም አውጫጭኝ ይባላል። የመንደሩ ሰው ይሰበሰባል፤ ጥፋተኛው እስኪታወቅ ድረስ ወደ ቤቱ አይመለስም፤ የሚያውቀውም ሰው ማንነቱ ሳይገለጽ «ወፍ» ሆኖ ይናገራል። ሥርዐቱ እንከን አላጣም፤ ንጹሑንም ከበዳዩ ጋር ያጉላላ ነበር። ሆኖም የቆመበት ሐሳብ ግልጽ ነው፦ በዳዩ ይገኝ ዘንድ የተናገረው ሰው ይሸሸግ። የስለላ መንግሥት ያደረገው ይህንኑ መገልበጥ ነው። በዳዩ ይሸሸግ ዘንድ ወፏ ትታደናለች።

የአደኑ የመጀመሪያ መልክ ጥይትና እስር ነበር። ሚያዝያ 30 ቀን 1989 ዓ.ም. የኢሰመጉ የሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ አባልና ከኢትዮጵያ መምህራን ማኅበር መሪዎች አንዱ የነበሩት አቶ አሰፋ ማሩ አዲስ አበባ ውስጥ በጧት ወደ ሥራቸው በእግር ሲሄዱ በፖሊስ ጥይት ተገደሉ። መንግሥት የኅቡዕ የታጠቀ ቡድን ሰው ነበሩ፣ ሊያመልጡ ሲሉ ተመቱ አለ፤ የመብት ድርጅቶች ግን ባዶ እጃቸውን እንደነበሩ አስታወቁ። የሌሎችን ስምና ቀን ሲመዘግብ በኖረው ድርጅት መዝገብ ላይ የእርሳቸውም ስም በዚያው ደረቅ ቋንቋ ሰፈረ። በ1993 ዓ.ም. ደግሞ ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያምና ዶክተር ብርሃኑ ነጋ የዩኒቨርሲቲውን ተማሪዎች ለዐመፅ አነሣሥታችኋል ተብለው ታሰሩ።

ጥይት ግን ለመንግሥት የማይመች መሣሪያ ነው። ሬሳ ያስቀራል፤ ሬሳውም ራሱ ማስረጃ ይሆናል። ስለዚህ ሁለተኛው መልክ ሕግ ሆነ። አዋጅ ቁጥር 621/2001 ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት በሰብአዊ መብት ሥራ እንዳይሰማራ ከለከለ። የአዋጁ ደጋፊዎች ክርክር በጥሞና ሊታይ ይገባዋል፤ የአገር ጉዳይ በባዕድ ገንዘብ አይዘወር ማለት በራሱ ነውር የለበትም። ነገር ግን መንግሥት ራሱ የውጭ ርዳታ እየተቀበለ፣ ክልከላው የውሃ ጉድጓድ ለሚቆፍረው ሳይሆን ስለ እስረኛ ለሚጠይቀው መሆኑ የሕጉን እውነተኛ ዓላማ ያጋልጣል። የጉባኤው ገንዘብ በባንክ ታገደ፤ ከ12 ጽሕፈት ቤቶቹ 9ኙ ተዘጉ፤ «የኢትዮጵያ» የሚለው ቃልም ከስሙ ወጣ። ለዚህ ሁሉ አንድ ጥይት አላስፈለገም። በአንድ አውራጃ ጽሕፈት ቤት ሲዘጋ በደሉ አይቀርም፤ የሚቀረው የበደሉ መዝገብ ነው።

ሦስተኛው መልክ በሽቦ የመጣው ነው፤ እዚህ ላይ ነገሩ ወደ እኛ ቤት ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2013 በካናዳ በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ሲቲዝን ላብ የተባለ የምርምር ተቋም ፊንስፓይ በተባለ የስለላ ሶፍትዌር ኢትዮጵያውያን ይታደኑ እንደነበር፣ መረጃውም ወደ ኢትዮጵያ ይላክ እንደነበር ይፋ አደረገ። በቀጣዩ ዓመት በሜሪላንድ የሚኖር የኢትዮጵያ ተወላጅ አሜሪካዊ «ኪዳኔ» በሚል የሽፋን ስም የኢትዮጵያን መንግሥት በዋሽንግተን ከሰሰ። በክሱ መሠረት ከኢሜይል ጋር የመጣ ሰነድ ሶፍትዌሩን በኮምፒዩተሩ ላይ ተከለ፤ ለወራትም የስካይፕ ንግግሮቹን፣ ሌላው ቀርቶ ለልጅ የ9ኛ ክፍል የትምህርት ቤት ሥራ የተደረገውን ፍለጋ ሳይቀር ቀዳ። ኪዳኔ የተቃዋሚዎች ደጋፊ እንጂ የመብት መዝጋቢ አልነበረም። ይሁን እንጂ ከአገር ቤት የሚደርሰን ምስክርነት የሚያልፈው በዚሁ በር ነው።

የይግባኝ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. ማርች 14 ቀን 2017 ክሱን ውድቅ አደረገ። ክትትሉ አልተፈጸመም አላለም። የውጭ መንግሥት ያለመከሰስ መብት የሚነሣው ጥፋቱ በሙሉ በአሜሪካ ምድር ሲፈጸም ነው፤ የስለላው ሐሳብና ትእዛዝ ግን ከባሕር ማዶ የመነጨ ነው አለ። እ.ኤ.አ. በ1976 የቺሌው ስደተኛ ኦርላንዶ ሌቴሊዬር በዋሽንግተን በመኪና ቦምብ ሲገደሉ የቺሌ መንግሥት በዚያችው ከተማ ፍርድ ቤት ተጠያቂ ሆኖ ነበር። ሁለቱን ጎን ለጎን ስናነብ የምንደርስበት መደምደሚያ ይህ ነው፦ ወኪሉ በእግሩ ከመጣ መንግሥት ይጠየቃል፤ በሽቦ ከመጣ አይጠየቅም። ይህ ሕግ የተጻፈው ሰላይ ፓስፖርት ይዞ በሚመጣበት ዘመን ነው፤ እኛ ግን የምንኖረው በሌላ ዘመን ነው።

ከ2010 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ ያ አዋጅ በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 ተተካ፤ ብዙዎቻችንም ዘመኑ አለፈ ብለን ጻፍን። ቸኩለን ነበር። በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. በአዲስ አበባ አካባቢ ስለ ቤት ፈረሳ ሲያጣሩ የነበሩ አራት የኢሰመጉ ሠራተኞች ታሰሩ፤ የተፈቱት ከቀናት በኋላ ነው። በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ደግሞ ጉባኤው ራሱ ታገደ። መንግሥት ሲለወጥ የአዳኙ ስም ተለወጠ፤ የሚታደነው ግን ያው መዝጋቢ ነው።

ሂሳችን በመንግሥት ላይ ብቻ ቢያበቃ ቀላል በሆነ ነበር። እኛስ እነዚህን መግለጫዎች የምናነበው እንዴት ነው? ከዝርዝሩ ውስጥ አስቀድመን የወገናችንን ስም እንፈልጋለን። ካገኘን በየስብሰባችን እንጠቅሰዋለን፤ የሌላውን ወገን ሙታን የመዘገበ እንደሆነ ግን ያው መዝጋቢ «የማን ተላላኪ ነው?» ይባላል። ይህ ጥያቄ ሰላዩ የሚጠይቀው ጥያቄ ነው። ሁለተኛው ጥፋታችን ጥንቃቄ ማጣት ነው። በአደራ የተላከልንን የምስክር ቃል የሰፈሩን ስምና የዘመድ ዝርዝር ሳናስቀር በአደባባይ ያነበብንበት ጊዜ አለ። ጭብጨባው የእኛ ነበር፤ ዋጋው ግን የሚከፈለው በአገር ቤት ነው።

የስለላ ዋና ዓላማ ሁሉን መስማት አይደለም፤ ሁሉም ሰው «እሰማለሁ» ብሎ ዝም እንዲል ማድረግ ነው። አንዲት እናት ልጇ የተወሰደበትን ቀን ለመዝጋቢው ለመንገር በፈራች ጊዜ፣ ስልኳ ተጠለፈም አልተጠለፈም፣ ስለላው ሥራውን ጨርሷል። ይህን ፍርሃት ከሩቅ ሆነን ልናስወግደው አንችልም፤ ልንጨምርበት ግን እንችላለን፤ ስንጨምርም ኖረናል። ስለሆነም ቢያንስ በዚህ መጽሔት የሚጽፉ ባልደረቦቻችን የመብት መግለጫን በሚጠቅሱበት ጊዜ የሁሉንም ወገን ተጎጂዎች ዝርዝር ሳይቆርጡ እንዲጠቅሱ፣ ምንጩ ጥበቃ የሚሻ ሲሆንም ለጽሑፋቸው ማማር ሲሉ እንዳያጋልጡት እንጠይቃለን። ጥያቄውም ከሁሉ አስቀድሞ ለራሳችን ነው።