ጎንደርን ጠጋ ብሎ ማየት

የፋሲል ግንብን ፎቶ ያላየ ኢትዮጵያዊ የለም ማለት ይቻላል። ፎቶው ግን ግዝፈቱን እንጂ የግንበኛውን እጅ አያሳይም። ዐፄ ፋሲል እ.ኤ.አ. በ1636 በቆረቆሩት ከተማ ሙያው ያለው ድንጋይ ከድንጋይ በተጋጠመበት ቦታ ነው። ግድግዳው ጥቁር ድንጋይ ነው፤ ብዙም ሳይጠረብ፣ ትልቁ ከትንሹ ጋር ተደበላልቆ በኖራ ተያይዟል። በርና መስኮት ላይ ሲደርስ ግን ግንበኛው ጥቁሩን ትቶ ቀላ ያለውን፣ ለመሮ የሚታዘዘውን ድንጋይ ያነሳል። ቅስቱን በዚያ እየጠረበ ገጥሞታል። ጌጥም ጥበብም በአንድ ድንጋይ!

በጣሊያን ወረራ ጊዜ ግንቦቹ በሲሚንቶ ተጠጋግነው ነበር፤ ኋላ በተደረገው ጥገና ሲሚንቶው እየተፈነቀለ ወጥቶ በኖራ ተተካ። ደግ አደረጉ። ኖራ እርጥበቱን ያስወጣል፣ ሲሚንቶ ግን አፍኖ ይይዘዋል።

ከከተማው በስተሰሜን፣ በደባርቅ መንገድ ላይ ያለችው ወለቃ የቤተ እስራኤል ሸክላ ሠሪዎች መንደር ነበረች። አብዛኞቹ ወደ እስራኤል ሄደዋል፤ ሸክላው ግን ዛሬም ይሠራል። ለቱሪስት የሚደረደሩት ትንንሽ ምስሎች ብዙም አይማርኩኝም። ጀበናው ነው የሚያስቆመኝ፤ ያለ ማሽከርከሪያ በእጅ ብቻ ተሠርቶ አንገቱ ቀጥ ማለቱ፣ ገላው በለስላሳ ድንጋይ ታሽቶ ማብረቅረቁ።

ለደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ግን ሰፊ ጊዜ ይተዉለት። ሁሉም ገብቶ ቀና ይላል፣ እውነትም ያስደንቃል፤ በጣሪያው አግዳሚዎች መካከል በረድፍ የተሳሉት ክንፋም የመላእክት ፊቶች ከመቶ በላይ ናቸው። ከሩቅ አንድ ዓይነት ይመስላሉ። አንዱን ረድፍ መርጦ ፊት በፊት የተከተለ ሰው ግን ልዩነቱን ያገኘዋል፤ የአንዱ ቅንድብ ከፍ ይላል፣ የሌላው ዓይን ወደ ጎን ያያል፣ አንዱ ያዘነ ሲመስል ጎረቤቱ ፈገግታ የያዘው ይመስላል። ሠዓሊው አንዱን ፊት ደጋግሞ ቢገለብጥ ማን ይከሰው ነበር? ያን ያህል ከፍታ ላይ ማን ያይበታል? እሱ ግን እያንዳንዱን እንደ አዲስ ሣለው።

ከጣሪያው ዓይንን አውርዶ ግድግዳውን ማየትም ያስፈልጋል። ሥዕሉ ያረፈው ግድግዳው ላይ በተለጠፈ ጨርቅ ላይ ነው። ጻድቃኑ በሁለት ዓይናቸው ፊት ለፊት ያዩናል፤ ክፉዎቹ በጎን ተስለው አንድ ዓይናቸው ብቻ ይታያል። ይህ የቆየ የአሣሣል ሥርዓት ነው። የጨርቁን ጠርዝ ግን ልብ የሚለው ጥቂት ነው፤ ልብ ያለው ሰው አንዳንድ ቦታ ላይ እየተላጠ መሆኑንም እዚያው ያያል።

ለጎብኚ ያለኝ ልመና አንድ ነው፦ የካሜራዎን ፍላሽ ያጥፉ፣ እጅዎንም ከግድግዳው ያርቁ። ይህ ቀለም አንዴ ከለቀቀ የሚመልሰው የለም።